ከኋላ የሚጮኸው ፍሬን፦ አሮጌ ፒካፕ ምን እያለ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ድምፅ የማይመረምር ሰው የለም። አሮጌዋን ደብል ጋቢና ይዤ ከዚራ ላይ ፍሬን ስይዝ ከኋላ «ጉርርር» ትላለች። አጠገቤ የቆመው ባጃጅ ነጂ አንገቱን ብቅ አድርጎ «አቦ፣ ሸራህኮ አልቋል!» ይለኛል። ሎተሪ አዟሪውም ያንኑ ይላል። መንጃ ፈቃድ እንኳ የሌለው የጎረቤቴ ልጅ «ሸራ ነው» ብሎ ፈርዷል።

ሁለት ጊዜ ሸራ፣ ማለትም የፍሬኑን ልባስ፣ አስቀየርኩ። ድምፁ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ መጣ። ጥፋቱ የሸራው አልነበረም። የማን እንደነበረ ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። «ፍሬን ከጮኸ ሸራ አልቋል» የሚለው አባባል አንዳንዴ እውነት ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል። ከዚህ የባሰው ግን ተቃራኒው ነው፦ «አሮጌ መኪና ነው፣ ይጮሃል» ብሎ መተው።

በኋላ ጎማ ውስጥ ምን አለ?

አብዛኞቹ ቆየት ያሉ ፒካፖች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬን አላቸው። ሃይሉክስም፣ ኤል 200ም፣ አይሱዙም ያው ናቸው። የሐረሮቹ ፔጆ 404 ታክሲዎችም ከኋላ ታምቡር ናቸው። በፔጆ እጃቸውን ያፍታቱ የሐረር መካኒኮች ይህን ዕቃ መብራት ጠፍቶም ፈትተው የሚገጥሙት ይመስለኛል።

ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ወፍራም የብረት ድስት ነው። ድስቱን በጎኑ አቁሙት፤ አፉ ወደ መኪናው ሆድ ዞሯል እንበል። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች ጀርባቸውን ወደ ድስቱ ግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እነሱ አይሽከረከሩም። በውጭ ጎናቸው ግጭቱን የሚችል ልባስ ተለጥፎባቸዋል ወይም በሪቬት ተመትቶባቸዋል። ሸራ የሚባለው ልባሱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ብረቱንም ልባሱንም ደርበው ሸራ ይሉታል።

ፔዳሉን ስትረግጡ ማስተር ሲሊንደር የፍሬን ዘይቱን በቀጭን ቱቦ እስከ ኋላ ይገፋዋል። ዘይቱ ዊል ሲሊንደር የምትባል ትንሽ መርፌ መሳይ ዕቃ ውስጥ ይገባል። እሷ ደግሞ ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ ትገፋለች። ሸራዎቹ የሚዞረውን ድስት ግድግዳ ከውስጥ ይጫኑታል። በርሜል ውስጥ የገባ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚሽከረከረውን በርሜል በመዳፉ ለማቆም ሲታገል አስቡ። እግራችሁን ስታነሱ ሞላዎች ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ኋላ ይጠቅመናል። አንደኛው፣ ሸራዎቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲመላለሱ ጠርዛቸው አንድ ክብ ቆርቆሮ ላይ ይንሸራተታል። ሳህን እንበለው። ሳህኑ ላይ ለዚሁ ተብለው ትንሽ ከፍ የተደረጉ ቦታዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ናቸው። ሁለተኛው፣ ወደ ፊት ስትነዱ ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ በታምቡሩ ዙር እየተጎተተ ይበልጥ ይነክሳል። በር ስር የተሸጎጠ እንጨት በሩ በተገፋ ቁጥር እንደሚጠብቀው ማለት ነው። ታምቡር ፍሬን በትንሽ እግር ጉልበት ብዙ የሚይዘው በዚህ ነው። ሸራው ላይ ባዕድ ነገር ሲገባ ድንገት ንክስ የሚያደርገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ይጮሃል?

ማሲንቆ ለምን ይጮሃል? የደጋኑ ጭራ ሙጫ ተቀብቶ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ክሩ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ይህ በሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲሆን ድምፅ ይሆናል። ፍሬንም እንደዚያው ነው። ሸራው ታምቡሩን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ታምቡሩ ደግሞ እንደ ደወል ያስተጋባል። ስለዚህ ጩኸት ብቻውን ሸራው ማለቁን አይናገርም። አንድ ነገር እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ብቻ ይናገራል። የሚያንቀጠቅጠው ያረጀ ሞላ፣ የደረቀ ሳህን፣ አቧራ፣ ዘይት፣ ጥራት የሌለው ደረቅ ሸራ ወይም በትክክል ክብ ያልሆነ ታምቡር ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» መሆን የሌለበት። ድምፅን በአፍ ማስመሰል አስቸጋሪ ነው፤ የእኔ «ጉርርር» የእናንተ «ክርርር» ሊሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ «መቼ ነው የሚጮኸው?» ነው።

መቼ ነው የሚጮኸው?

ጠዋት ብቻ ጮኾ ከሦስት አራት ፍሬን በኋላ ዝም ካለ ብዙ አትጨነቁ። ታምቡሩ ሌሊት በእርጥበት ስስ ዝገት ለብሶ ነው። ድሬዳዋ ደረቅ ናት፣ ግን ክረምት ላይ ወይም መኪናው ታጥቦ ባደረ ማግስት ይህ ያጋጥማል።

ፍሬን ስትይዙ ብቻ ቀጭን «ሲጥጥ» የሚል ከሆነ፣ ከቆማችሁ በኋላም የሚጠፋ ከሆነ፣ ሸራው ፊቱ ጠንክሮ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ይሆናል። ይህ የሚመጣው ከሙቀት ነው። ወይም የደቻቱ ወንዝ አሸዋና የከተማው አቧራ ታምቡሩ ውስጥ ተከማችቷል። ታምቡር ዝግ ዕቃ ነው፤ የገባበት አቧራ በቀላሉ አይወጣም። ዲስክ ላይ ያረፈ አቧራ ግን ጎማው ሲዞር ይራገፋል።

ፔዳሉን ስትረግጡና ስትለቁ፣ መኪናው ቆሞም ቢሆን፣ «ጢጥ» የሚል አጭር ድምፅ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ሸራው ሳህኑ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማ ነው። ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ያለው ግራሶ ደርቋል። በጣም ያረጀ መኪና ላይ የሸራው ጠርዝ ብረቱን በልቶ ቦይ ያወጣበታል። ሸራው ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቆይና ድንገት ያመልጣል። መፍትሔው ሙቀት የሚችል ግራሶ በሽንብራ ፍሬ መጠን በየቦታው መቀባት ነው። ከሽንብራ ከበለጠ ግራሶው ሞቆ ወደ ሸራው ይፈስሳል፤ ያኔ አንዱን ጩኸት በሌላ ለወጣችሁ።

ፍሬን ስትይዙ ሻካራ፣ ብረት በብረት የሚፋቅ ድምፅ ከሆነ ግን ባጃጅ ነጂው ትክክል ነው። ሸራው አልቋል። ሪቬቱ ወይም ብረቱ ታምቡሩን እየበላው ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቀን ታምቡሩን ራሱን ያስከፍላል።

ፍሬን ሳትይዙ የሚሰማውስ? ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሰፊው ሲፈጥን ግርግሩም ይፈጥናል፣ ሲያዘገም ያዘግማል። የእናንተም ድምፅ እንደዚያ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ፣ ከጎማው ጋር የሚዞር አንድ ነገር የማይዞረውን እየነካ ነው። አሁን ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ ንኩት። ድምፁ ከጠፋ ሸራው አለቦታው ተንጠልጥሎ እየተጎተተ ነው፤ ሞላው ደክሟል ወይም የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልመለስ ብሏል። ካልጠፋ ደግሞ የተጣመመ ሳህን ታምቡሩን እየነካ፣ ወይም መካከላቸው ጠጠር ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» የሚል ድምፅም አለ። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ወደ ፊት ስትቀይሩ የመጀመሪያው ፍሬን ላይ በስሱ ከተሰማ ጤነኛ ነው፤ ሸራዎቹ አቅጣጫ ቀይረው ሲቀመጡ ነው። ታምቡሩ በቅርቡ ቶርኖ ቤት ተልጦ ከነበረና ከዚያ ወዲህ ፍሬን ስትይዙ «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ከጀመረ ግን ወደ ላጩ መልሱት። ቶርኖው በጥድፊያ ሲልጥ ታምቡሩ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠመዘዘ መስመር ይተዋል። ሸራው በዚያ መስመር ወደ ጎን እየወጣ ይሄድና ሞላው ሲጎትተው ተመልሶ ሳህኑን ይመታል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። አዲስ ሸራ፣ የተላጠ ታምቡር፣ ሆኖም ይንቋቋል፤ ከዚያ ሻጩ ይሰደባል።

ከኋላ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጆሮ ያታልላል። ጋቢና ውስጥ ሆኖ ከኋላ የሚመስል ድምፅ ከፊት ሊሆን ይችላል። ቀላሉ ፍተሻ የእጅ ፍሬኑ ነው፤ በአብዛኛው ፒካፕ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነውና። ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ በሰው እርምጃ ፍጥነት እየሄዳችሁ የእጅ ፍሬኑን በቀስታ ሳቡ። እንዳይቆለፍ በእጃችሁ እንደያዛችሁት ይሁን። ያው ድምፅ ከመጣ ከኋላ ነው። ካልመጣና በፔዳል ብቻ ከመጣ ፊቱንም ተጠራጠሩ። አንዳንድ በጣም የቆዩ ላንድክሩዘሮች ላይ የእጅ ፍሬኑ ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው፤ ለእነሱ ይህ ፍተሻ አይሠራም።

ሁለተኛው መንገድ ግድግዳ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ረጅም አጥር ባለበት ጎዳና በዝግታ ንዱ። ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል፤ አጥሩ በቀኝ ሲሆን ከጎላ የቀኙ ጎማ ነው። የከዚራ አጥሮች ለዚህ ተመቻችተው የተሠሩ ይመስላሉ።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ፍሬን ብዙ ሳትይዙ አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጉ፤ አትንኩ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ እዚያ ሸራው አልለቅ ብሏል። ወይም ቀዝቃዛው ወገን ጭራሽ አይሠራም። ሁለቱም ጥሩ ዜና አይደሉም።

ፍሬን ካልሆነስ?

ይህን ከመዝለል ብዙ ብር ባክኗል። ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ፍሬን ብትይዙም ባትይዙም የማይለወጥ «ውውው» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት ማለት ነው። መሪውን በመጠኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትሉት ድምፁ ከጎላና ከቀነሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ማርሽ ስትቀይሩ ወይም ስትነሱ «ጓ» የሚለው የክሮቼራ፣ ማለትም የሚዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ወይም የላላ ባሌስትራ፣ ማለትም የኋላውን ክብደት የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች፣ ድምፅ ነው። ፍሬን ስትይዙም ይሰማል፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ። ስለዚህ ሰው ፍሬኑን ይከሳል። ባሌስትራውን የሚያስሩትን ብሎኖች በቁልፍ ማጥበቅ ከሸራ ቀድሞ ሊሞከር የሚገባ ሥራ ነው። ከጎማው ዳዶዎች መጀመር ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። የላላ ዳዶ ድምፅ ብቻ አይደለም፣ ጎማ ያስወልቃል።

ተፈቶ ምን ይታያል?

ራሳችሁ ብትፈቱትም መካኒክ ቢፈታውም ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሜዳ ቦታ፣ የፊት ጎማዎች ላይ ድንጋይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ። መኪናውን ክሪክ ብቻ ይዞት ስሩ አትግቡ። ታምቡሩ አልወጣ ካለ በመዶሻ አትነርቱት። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ታምቡሩ ፊት ውስጣቸው የብሎን ጥርስ ያለው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ሁለቱ ውስጥ አስገብታችሁ ተራ በተራ ስታጠብቁ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል።

አንዱን ወገን ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ። ሞላው የቱ የት እንደነበር ሲጠፋችሁ ያልተነካው ወገን ይነግራችኋል። በስልክ ፎቶ ማንሳትም አይከፋም።

አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በአፍም አትንፉት። ድሮ የተሠሩ ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን አለባቸው። ትንፋሽ ጋር ገብቶ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፣ ከዓመታት በኋላም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ጋራዥ ውስጥ ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ከዚያ ሸራውን እዩ። ልባሱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አልቋል። በሪቬት የተመታ ከሆነ ከሪቬቱ ራስ በላይ የቀረው ነው የሚለካው። ታምቡሩ ላይ የመጨረሻ ስፋቱ በቁጥር ተጽፎበታል፤ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበልጣል። ያን ያለፈ ታምቡር አይላጥም፣ ይጣላል። የተሰነጠቀ መሆኑን ለማወቅ አንጠልጥላችሁ በቁልፍ ጫፍ ቆርቆር አድርጉት። ጀበና ስትገዙ እንደምታደርጉት ነው። ደህናው ይዘምራል፣ የተሰነጠቀው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል።

ዊል ሲሊንደሯን አትርሱ። የጎማ ቆቧን በካቻቪቴ በቀስታ ገልጣችሁ እዩ። ውስጡ ፈሳሽ ከወጣ ሲሊንደሯ አልቆላታል። ማስተካከያውንም እዩት፤ ጥርስ ያላት ትንሽ ብሎን ነች። የግራና የቀኝ ማስተካከያ ጥርሳቸው በተቃራኒ የተጠመዘዘ ስለሆነ ከተቀያየሩ ራሱን ማጥበቅ የነበረበት ፍሬን ራሱን ያላላል። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ መፍታት የማልወደው በዚህም ነው።

የእኔዋ ምን ሆና ነበር?

ሸራዬ እርጥብ ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ ሸራውን ቀይሮ ሸኘኝ። ለሁለት ሳምንት ዝም አለች፣ ከዚያ «ጉርርር» ተመለሰ። ሁለተኛው ጋራዥ ፓራኦሊውንም ጨምሮ ቀየረ። ፓራኦሊ የዲፈረንሺያል ዘይት ወደ ጎማው እንዳይወጣ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። ያም ወር አልሞላውም።

ሦስተኛው መካኒክ ጋ ስሄድ መኪናዋን ገና ሳያይ «ወርያ፣ መቼ ነው የሚጮኸው?» አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። «ሁልጊዜ» ልል ነበር። ከዚያ ሳስበው ሁልጊዜ አልነበረም። ከተማ ውስጥ ስመላለስ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ትላለች። ሐረር ወጥቼ በተመለስኩ ማግስት ግን ይጀምራል። ይህን ስነግራቸው ክሪክ አላነሱም። ካርቶን አንጥፈው ከስር ገቡ፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው የኋላ አክሱሉ አናት ላይ ካለች ትንሽ ቆብ አቧራና ጭቃ በሽቦ ጠራርገው ወጡ።

ቆቧ መተንፈሻ ናት። አክሱሉ ውስጥ ዘይትና አየር አለ። ረጅም ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይሞቃል፣ አየሩ ይነፋል፣ በመተንፈሻው ይወጣል። የኔዋ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍናለች። የታፈነው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊው ከንፈር እየገፋ ወደ ሸራው ያወጣዋል። ክዳኑ የጠበቀ፣ ውስጡ የሚፈላ ድስት ማለት ነው። ፓራኦሊ መቶ ጊዜ ብቀይር ያው ነበር። ሐረር ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አክሱሉ ለመሞቅ በቂ ጊዜ አለው። በከተማ ጉዞ ግን አይሞቅም።

ሸራው ላይ ያለው እርጥበት የቱ ዘይት እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። የዲፈረንሺያል ዘይት ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ የመኪና ቀለም ያነሳል። የመጀመሪያው ወደ ፓራኦሊና መተንፈሻ፣ ሁለተኛው ወደ ዊል ሲሊንደር ይመራችኋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይድንም። በቤንዚን አጥቦ፣ በእሳት አድርቆ መልሶ የሚገጥም አለ። ለጥቂት ቀን ይይዛል፣ ሲሞቅ የጠጣውን ይመልሳል። አዲስ ሸራ ሲገጠም ሁለቱም ወገን አብሮ ይቀየራል፣ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ደንገጎ ላይ ለምን ይብሳል?

ደንገጎ ከሐረር በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ሐሮማያ አካባቢ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ሰውና ዕቃ ይዛ 2,500 ኪሎ የምትመዝን ፒካፕ ያን 800 ሜትር ስትወርድ የሚለቀቀው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በስሌት ወደ 58 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከፊሉን ንፋስና ሞተሩ ይወስዱታል። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ ሹፌር ግን የሞተሩን ድርሻ ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

ታምቡር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል ማለት ነው። ፔዳሉ ጥልቅ ይሄዳል። ሸራውም ሲግል መያዝ ያቅተዋል፣ ፊቱም ያበራል። ከደንገጎ ወርዶ በማግስቱ «ሲጥጥ» ማለት የሚጀምረው ፍሬን ታሪኩ ይህ ነው። ዘይቱም አለ። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። ግን ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው፤ ውሃ ሲገባበት መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር የሚመከረው ለዚህ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የመንጃ ትምህርት ቤት ምክርም ከዚሁ ይመጣል።

ስለ ጭነት አንድ ነገር። ብዙ ፒካፖች ላይ ከሻንሲው ስር ጭነቱን የሚያዳምጥ የፍሬን ማከፋፈያ አለ፣ በዘንግ ከኋላ አክሱሉ ጋር ተያይዟል። የኋላው ዝቅ ሲል «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። እኛ አገር ባሌስትራ መደረብ የተለመደ ነው። ባሌስትራ ሲደረብ ኋላው ከፍ ይላል፤ ማከፋፈያው ባዶ ናት ብሎ ይሳሳታል። የኋላ ፍሬኑ ሰንፎ ፊቱ ብቻውን ይሠቃያል። ባሌስትራ ካስደረባችሁ ያን ዘንግ አስተካክሉ ማለት የሚያውቅ ጋራዥ ጥቂት ነው።

ሰው የሚመክረው መላ ይሠራል?

ታምቡሩ ሲግል ውሃ መድፋት፦ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ሊሰነጠቅ ይችላል። በቀስታ እየነዳችሁ በንፋስ ይቀዝቅዝ፤ የእጅ ፍሬኑንም በጋለ ታምቡር ላይ አጥብቃችሁ አትሳቡት፣ ማርሽ አስገብታችሁ ድንጋይ አድርጉ። የሚጮኸውን ቦታ ዘይት መቀባት፦ ጩኸቱ በርግጥ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ። ያበራውን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፦ ውፍረቱ ካለና ደረቅ ከሆነ ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ይመለሳል።

አዲስ ሸራ ከገጠማችሁ በኋላ ጎማውን በእጅ ስታዞሩት በስሱ «ሽ» የሚል እስኪሆን አጥብቁት። የእጅ ፍሬኑ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሸራው እየተጎተተ ይቀራል። ቀጥሎ በ40 እና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ጊዜ ያህል ለስለስ ያለ ፍሬን፣ በመካከሉ እያቀዘቀዛችሁ። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሽታ ይኖረዋል።

ምን ሲሆን አልነዳም?

ብረት በብረት ሲፋቅ። ፔዳሉ ከትናንቱ ሲጠልቅ ወይም እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ። የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ ስትሞሉት በሳምንቱ እንደገና ሲጎድል። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት። የጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥብ ሆኖ ሲታይ። ከእነዚህ አንዱ እያለ ድሬዳዋ ውስጥ በዝግታ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻል ይሆናል። ሐረር ሆናችሁ ከሆነ ግን እዚያው አሠሩት፤ ከደንገጎ በታች ያለው መንገድ የፍሬን መሞከሪያ አይደለም።